ፔስኪ የተባለው ቀይ ቅርጫት

እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፤ አላውቅም ማለት ደግሞ አያሳፍረኝም። የሚያሳፍረው አውቃለሁ ብሎ አንገት መነቅነቅ ነው። የእኛ አለቃ እንግሊዝኛ የሚናገረው በአንገቱ ነው። ተቆጣጣሪዋ ስታወራ ይነቀንቃል፣ «የስ፣ የስ» ይላል፣ ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ በአማርኛ ይቆጣል። ያ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከዚያ አንገት ነው እላለሁ። ከእጅሽም ነው የሚሉኝ አሉ፤ እሱን እናንተው ፍረዱ።

የምንሠራው የልጆች የዝናብ ኮት ነው። ክፍሉ ረጅም ነው፤ በአንዱ ግድግዳ የስፌት መኪኖቹ ተደርድረዋል፣ በሌላው ካውያዎቹ፣ መጨረሻ በሩ አጠገብ የእኔ ጠረጴዛ አለ። እኔ ፈታሽ ነኝ። ተሰፍቶ ያለቀ ኮት ሁሉ በእጄ ያልፋል። ዚፑን ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ፣ ቁልፉን እጎትታለሁ፣ ትርፍ ክሩን እቆርጣለሁ፣ ከዚያ ከሦስቱ ቅርጫቶች ወደ አንዱ እወረውራለሁ፦ ያለፈ፣ የሚጠገን፣ የወደቀ። በዚህ ጠረጴዛ ላይ ጸጉሬ ሸብቷል፤ አንድም ቀን ኮት ይዤ ግራ ገብቶኝ አያውቅም ነበር።

ከጠረጴዛዬ ቀጥሎ ባለው መኪና ላይ የምትሰፋው ታናሽ እህቴ ናት። ሠራተኛው «ለምን» እያለ ነው የሚጠራት። ገና ሥራ በጀመረች ቀን አለቃ «መስኮቱን ዝጉት» ሲል «ለምን?» አለች፤ ስሙ በዚያው ተለጠፈባት። እሷ የማትጠይቀው ነገር የለም። መቀሴን ግን ሳትጠይቅ ትወስዳለች። የራሷ መቀስ ኖሯት አያውቅም። ቀኑን ሙሉ «እትዬ፣ ይኼ ለምን እንዲህ ሆነ?»፣ «እትዬ፣ ትናንት በሕልሜ ምን አየሁ መሰለሽ?»፣ «እትዬ፣ ሰውየው ምን ነካው?» ነው። አፏ ሲያርፍ ደግሞ ታንጎራጉራለች፤ ያውም አንዲት ስንኝ ብቻ፣ መጨረሻዋን ሳታውቀው፣ እየመለሰች እየመለሰች። እናታችን አደራ ብላኝ ነው የሞተችው፤ እህቴ እኔ ቤት ሶፋ ላይ እየተኛች አደገች። የራሷን ክፍል ተከራይታ ከወጣች ገና ዓመት አልሞላትም። የክፍሏን ቁልፍ በክር አስራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ነው የምትውለው፤ ጎንበስ ባለች ቁጥር መኪናው ላይ ኳ ይላል። እሱም ያናድደኝ ነበር።

እና ሰኞ ተቆጣጣሪዋ መጣች። ኮቶቹን የሚገዛው ድርጅት የሚልካት ረጅም የውጭ አገር ሴት ናት፤ ጭነት ከመውጣቱ በፊት ሳምንቱን ሙሉ እየተመላለሰች ታያለች። ክፉ ሰው አይደለችም። አንድ ኮት አነሳችና ዚፑን ሳበችው። ዚፑ መሐል ላይ ቀጥ አለ። ደግማ ሳበችው፣ እምቢ አለ። ሦስተኛ ስትስበው መጣ። ሴትዮዋ ምላሷን ጠቅ አድርጋ «ፔስኪ!» አለች።

አለቃችን ነቀነቀ። «የስ፣ የስ። ፔስኪ።»

እዚህ ላይ የቤታችንን አሠራር ልንገራችሁ። ተቆጣጣሪዋ ኮት ይዛ የተናገረችው ቃል ሁሉ ትእዛዝ ነው፤ አለቃ ቃሉን ቀለብ ያደርግና ቅርጫት ያወጣለታል። ሦስቱም ቅርጫቶች የመጡት እንደዚያ ነው። አንዴ ኮት በእጇ እንደያዘች «ላንች» ብትል አዲስ ቅርጫት ሊያመጣ ሮጠ፤ ይዞ ሲመለስ ሴትዮዋ ምሳ ሄዳለች። ታዲያ አሁንም ሮጠ። ቁርጥራጭ ጨርቅ የምናጠራቅምበትን ቀይ ቅርጫት ወለል ላይ ገለበጠው፣ በትልልቅ ፊደል «ፔስኪ» ብሎ ወረቀት ለጠፈበት፣ አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠው።

«ከአሁን ጀምሮ ፔስኪ የሆነ ኮት እዚህ ይገባል» አለኝ።

«ፔስኪ ምንድነው?»

«ቴክኒክ ነው።»

«የምን ቴክኒክ?»

«የአሠራር ነዋ! አንቺ ፈታሽ አይደለሽም እንዴ? ፈትሺ!»

«ለምን ራሷን አንጠይቃትም?» አለች እህቴ ከመኪናዋ ላይ ሆና። «እዚያው ቆማለች እኮ።»

አለቃ ያልሰማ መሰለ። ቢጠይቅ አለማወቁ ይታወቅበታል፤ እሱ ደግሞ ከማፈር መሞት የሚመርጥ ሰው ነው። በዚያ ፋንታ ጉሮሮውን ጠራርጎ ለሁላችንም ተናገረ። ከዚህ ጭነት በኋላ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ከሰፊዎቹ አንዷ መሄዷ አይቀርም አለ። «ማን እንደምትሄድ እኔ አልመርጥም፤ አድሎ አልወድም። ቀዩ ቅርጫት ይመርጣል። ሐሙስ ገልብጠን እናያለን።»

ቅርጫት እንዴት ይመርጣል እንዳትሉኝ። እያንዳንዷ ሰፊ ከገበሩ ሥር በራሷ ቀለም አንዲት ስፌት ትተዋለች። አንዷ ቢጫ ናት፣ አንዷ ሰማያዊ፣ አንዷ ቡናማ። ድሮ ስህተት ሲገኝ ሁሉም «የእኔ አይደለም» እያለች ስላስቸገረች አለቃ ያወጣው ደንብ ነው። የእህቴ ቀለም አረንጓዴ ነው። ቅርጫቱ ውስጥ ቀለሙ የበዛባት ሰፊ ትሄዳለች ማለት ነው።

እህቴ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጥ አደረገችው። ሥራው ከሄደ ክፍሉም ይሄዳል፣ ክፍሉ ከሄደ ተመልሳ እኔ ሶፋ ላይ ናት። ይኼን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። እና ኮቱን ቅርጫት ውስጥ የምትከት ማን ናት? እኔ። ትርጉሙን በማላውቀው ቃል!

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። እኔ ግን አልሳቅኩም፣ ራሴን ይዤ ነው የዋልኩት። ሴትዮዋ ኮት አንስታ የአንገቱን መለያ ጨርቅ በጣቷ አሸት አሸት አደረገችና አንገቷን አከከች፤ «ፔስኪ» አለች። እሺ፣ መለያም ነው ማለት ነው። ቀጥላ ከቀዳዳው እያፈተለከ ያስቸገራትን ቁልፍ «ፔስኪ» አለችው። እሺ፣ ቁልፍም ነው። ከራሷ እጅጌ ላይ አንድ ክር ለማንሳት ስትሞክር ክሩ በጣቷ ላይ ተጣበቀ፣ ብታራግፈው ወደ ሌላው እጇ ዞረ፤ «ፔስኪ»። እሺ። ከዚያ አንዲት ዝንብ መጥታ አፍንጫዋ ላይ ካላረፍኩ አለች። ሴትዮዋ እጇን አወናጨፈችና፣ በሞቴ፣ ዝንቧን ራሷን «ፔስኪ!» አለቻት።

«ዝንቧንም ቅርጫት ውስጥ እንክተታት?» አልኩት አለቃን።

«ቀልዱን ተዪው» አለኝ፤ ፊቱ ግን እንደ እኔው ግራ ገብቶታል።

ዚፕ፣ ጨርቅ፣ ቁልፍ፣ ክር፣ ዝንብ። እነዚህ በምን ይዛመዳሉ? የተሰበረ እንዳልል ዚፑ ይሠራል። የቆሸሸ እንዳልል ክሩ ንጹሕ ነው። ያረጀ እንዳልል መለያው አዲስ ነው። ዝንቧን ደግሞ የሰፋት የለም። በዚያ ላይ ሴትዮዋ ቃሉን በተናገረች ቁጥር ግማሽ ፊቷ ይኮሳተራል፣ ግማሹ ይስቃል። የትኛውን ግማሽ ልመን?

ከምሳ በኋላ እህቴ ከወንበሯ ጠፋች። በመስኮት ስመለከት ግቢው ውስጥ ቧንቧው ጋ ሴትዮዋን ከብባ ይዛታለች። አንድ ሰው እንዴት ብቻውን ይከብባል ካላችሁ እህቴን አታውቋትም። ከትምህርት ቤት የቀሩዋትን አራት አምስት የእንግሊዝኛ ቃላት ይዛ እጇን እያወራጨች ትጠይቃለች፤ ሴትዮዋም እጇን እያወራጨች ትመልሳለች። አለቃ ቢያይ ምን ይለኛል ብዬ ተሳቀቅኩ። ስትመለስ መቀሴን አንስታ፣ ዓይኗን አብርታ፣ «እትዬ፣ ስለዚያ ቃል ልንገርሽ፣ ምን መሰለሽ...» ስትል፦

«ዝም በይ!» አልኳት። «ሰው ሥራው ሊያልቅበት ነው፣ አንቺ ስትነዘንዢ ትውያለሽ። መቀሴን መልሺ!»

«ግን እኮ እትዬ...»

«መቀሴን!»

መለሰችልኝ። ማንጎራጎሯን ቀጠለች፤ ያችኑ ስንኝ።

ማታ ቤት ገብቼ ባሌን ጠየቅሁት። ባሌ ቀለም ቀቢ ነው፤ ስለማያውቀው ነገር ሲጠየቅ ሁልጊዜ የቀለም ስም ይመስለዋል። «ግራጫ ነገር መሰለኝ» አለኝ። ሴት ልጄ ትምህርቷን እያጠናች ነበር። እሷ ቀና ብላ «የሚያናድድ ማለት ነው» አለች።

«የሚያናድድ? በቃ?»

«አዎ፣ ግን እማዬ፣ እንደ አባባሉ ነው። ለሁሉም ነገር አይባልም፣ ለምሳሌ...»

«አባባሉን ተዪኝ፤ እኔ የምፈልገው ትርጉሙን ነው።» ልቤ ቅልል አለው። የሚያናድድ! እንደ እኔ የሚያናድድ ነገር ለይቶ የሚያውቅ ሰው ደግሞ የት ይገኛል? ተኝቼ አደርኩ፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ቆሜ መለየት ጀመርኩ። የሚያናድደኝ ኮት ወደ ቀዩ። ቀላል ይመስላል አይደል? ቢጫዋ ሰፊ ትርፍ ክር ትተዋለች፤ ይኼ እኔው የምቆርጠው ነው፣ ምን ያናድዳል። የሰማያዊዋ ቁልፍ ጠበቅ ይላል፤ ለልጅ ጥሩ ነው፣ አይወልቅበትም። ወደ አረንጓዴዎቹ ስደርስ ግን እጄ ከበደ። እህቴ ናታ! ሰፊዎቹ ሁሉ መርፌያቸውን አቁመው በዓይናቸው ጥግ እያዩኝ ነው። ለእህቷ አደላች ልባል? እኔ? ስለዚህ አረንጓዴውን ኮት ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰድኩት፣ ገለበጥኩት፣ ኪሱን ሳይቀር አወጣሁት። አጥብቆ ለፈለገ ሰው ደግሞ ምን ይጠፋል። እዚህ ጋ ስፌቷ ትንሽ ሸፈፍ ብሏል፤ ይኼ ስታንጎራጉር ነው። እዚህ ዚፑ ያዝ ያደርጋል፤ ይኼ ሕልሟን ስታወራኝ ነው። እዚህ ክሩ በመቀስ ሳይሆን በጥርስ ተቆርጧል፤ ይኼ መቀሴን የነጠቅኳት ጊዜ ነው። ኮቱን ሳይሆን እሷን ነበር የማየው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው ይኼ ነው። እየተናደድኩ ወረወርኩ፣ እየወረወርኩ ተናደድኩ።

እህቴ ከመኪናዋ ቀና ብላ ታየኝ ነበር። «እትዬ፣ እነዚያን ለምን እዚያ ትከቻቸዋለሽ?» አለችኝ አንዴ።

«ሥራዬን አታስተምሪኝ» አልኳት።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ነገር ልቤን ነካ አደረገው። ተቆጣጣሪዋ ካውያዎቹ ጋ ቆማ ሳለች ስልኳ ጮኸ። አየችውና ዘጋችው። ወዲያው ደግሞ ጮኸ። ዘጋችው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ ስልኩን ወደ ላይ አድርጋ «ፔስኪ፣ ፔስኪ» አለች፣ ከዚያ መስታወቱ ላይ ያለውን የትንሽ ልጅ ፎቶ ሳም አድርጋ አነሳችው። እኔ ኮት እንደያዝኩ ደረቅኩ። የሚያናድድ ነገር ይሳማል እንዴ? ልጄ «ለሁሉም ነገር አይባልም» ስትል እንድትጨርስ ብተዋት ምን ነበረበት? ወደ እህቴ ዞር አልኩ፤ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። ቁልፏ መኪናው ላይ ኳ አለ፣ እጇ ወደ መቀሴ ተዘረጋ፣ አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ከሰዓት አለቃ ቅርጫቱን ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጠው። ገበሮቹን አንድ በአንድ እየገለጠ ቀለም ለየ። መቁጠር እንኳን አላስፈለገውም። ጠረጴዛው ላይ ከሞላ ጎደል አረንጓዴ ብቻ ነበር።

«እንግዲህ ቅርጫቱ መርጧል» አለ፤ ደስ አላለውም፣ ቶሎ ሊገላገለው ፈልጓል። «ከነገ ጀምሮ አትምጪ።»

ሁላችንም አንድ ነገር ጠበቅን። «ለምን?» እንድትል ጠበቅን። ያቺ መስኮት ሲዘጋ «ለምን» ያለች፣ ዝናብ ሲዘንብ «ለምን» የምትል ልጅ፣ በዚያች ሰዓት «ለምን» አላለችም። ኮቶቹን አየቻቸው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ የመኪናዋን ሽፋን አለበሰችና ወጣች። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ዓርብ ጠዋት ተቆጣጣሪዋ በሩን ከማለፏ ቀይ ቅርጫቱን ታቅፌ ፊቷ ቆምኩ። አለቃ «ኧረ ምን ልታደርጊ ነው!» እያለ ይከተለኛል። ኮቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸውና በጣቴ እያመለከትኩ «ፔስኪ? ፔስኪ? ፔስኪ?» አልኳት። ከዚያ በላይ እንግሊዝኛ የለኝም፤ የቀረውን በዓይኔ ለመንኳት።

ሴትዮዋ ግራ ገባት። በዚያ ሳምንት ግራ ያልገባው ሰው እሷ ብቻ ነበረች፣ እሷም ገባት። የተለጠፈውን ወረቀት ጠቆመች፤ አለቃ አንገቱን ሊነቀንቅ ጀምሮ መሐል ላይ ተወው። ግንባሩን ላብ አጠመቀው፣ ከዚያ እየተንተባተበ «ፔስኪ... ሪጀክት» አላት፤ የወደቀ ማለቱ ነው። ሴትዮዋ ዓይኗ ፈጠጠ። «ኖ! ኖ፣ ኖ፣ ኖ!»

ጎትታ አንዱን አረንጓዴ ኮት አነሳች። ዚፑ ያዝ አደረጋት። ከቦርሳዋ እርሳስ አውጥታ ጥርሶቹን ቀባ ቀባ አደረገቻቸው፣ ሳበችው፣ ሽው አለ። «ኦኬ» አለችና «ያለፈ» ውስጥ ወረወረችው። ሌላው ላይ ክር ቆረጠች፣ «ኦኬ»። ሌላው ላይ ሸፈፍ ያለውን ስፌት በጣቷ ዳሰሰችው፣ ትከሻዋን ነቀነቀች፣ «ኦኬ»። ቀዩ ቅርጫት ባዶ እስኪሆን ድረስ እንዲህ አደረገች። ከዚያ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አቀራርባ አሳየችኝ፤ ትንሽ፣ ትንሽዬ። በሌለች ዝንብ ላይ እጇን አወናጨፈች። ዝንቧ ስትመለስ፣ ስታባርራት፣ ደግማ ስትመለስ አሳየችኝ። በመጨረሻ ስልኳን አወጣችና የልጇን ፎቶ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

ገባኝ ልበል ወይስ አልገባኝም? ትንሽ ነገር ነው፣ ይነዘንዛል፣ አይለቅም፣ ግን ማንም ሰው በእሱ የተነሳ ነገር አይጥልም። የሚያናድድ ነው፤ ልጄ አልዋሸችኝም። ግን ቤት ሲቃጠል የሚያናድደው ዓይነት አይደለም፣ ሰው ሲከዳ የሚያናድደው አይደለም። እኛ ይኼን ነገር በየቀኑ እንኖረዋለን፣ ቃል ግን አልሰጠነውም።

ሴትዮዋ አላቆመችም። ወደ እህቴ ባዶ ወንበር ዞረች፣ በእጇ የእህቴን ቁመት ለካች፣ አንገቷ ላይ የሚንጠለጠል ቁልፍ ሠራች፣ «የት ናት?» በሚል ዓይን አየችኝ። ከዚያ ወደ ግቢው ቧንቧ ጠቁማ፣ የራሷን አፍ ነክታ፣ ወደ ወንበሩ ጠቆመች። ለእሷ ነግሬያታለሁ እኮ ማለቷ ነው።

ሰኞ! እህቴ ሰኞ ከሰዓት ጀምሮ ታውቅ ነበር።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ አለቃ ቀስ ብሎ። የዚያን ሰውዬ አንገት ያኔ ባገኘው! ዓይኔን ሲያይ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ጥሪያት፣ ጥሪያት። ሰኞ ትምጣ። ሥራው ሲቀዘቅዝ ተራ ገብታችሁ ትሠራላችሁ።»

ያን ዕለት ሥራ ጥዬ ሄድኩ። ከሠራተኝነት ዘመኔ የመጀመሪያዬ ነው። የእህቴ ክፍል በር ላይ ቆሜ አንኳኳሁ፤ ድሮ እኔ ቤት ስትኖር ሽንት ቤት እንኳ ሳላንኳኳላት እገባ ነበር። ልብሷን እያጣጠፈች ነው። ግማሹ ሻንጣ ውስጥ ገብቷል።

«ቃሉን ታውቂው ነበር?» አልኳት፣ ሰላም ሳልላት።

«ሰኞ ነው የነገረችኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሻለሁ እኮ እትዬ። መልስሽ ‹መቀሴን መልሺ› ነበር።»

ሻንጣው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «ሐሙስ ታዲያ? አለቃን ለምን አልተናገርሽም? አንቺ አፍሽ ‹ለምን› ለማለት የተፈጠረ ሰው!»

እጇ ላይ የነበረውን ሸሚዝ ደጋግማ አጣጠፈችው። «ልናገር ነበር። ቅርጫቱ ሲገለበጥ ግን ሁሉም የእኔ ሆኖ ሳየው ግራ ገባኝ። አለቃ ቢሆን የከተተው አያውቅም እል ነበር። የከተትሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ደግሞ በሥራሽ ተሳስተሽ አታውቂም። ምናልባት ቃሉ ሌላ ትርጉም አለው፣ እኔ ነኝ ያልገባኝ ብዬ አሰብኩ። እትዬ ሰልችታኛለች ማለት ይሆን እንዴ አልኩ።»

አፌ ለቁጣ ሲሆን እንደ መኪና ይሠራል፤ ያን ጊዜ ግን መርፌው ተሰበረ። አቅፌ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም። ልብሷን ከሻንጣው መልሼ አወጣሁላት። «ሰኞ እመጣለሁ» ብቻ አለችኝ።

ሰኞ መጣች። የመኪናዋን ሽፋን አነሳች፣ ክሯን አስገባች፣ ቦርሳዋን ከፍታ መቀስ አወጣች። አዲስ መቀስ፣ እጀታው ቢጫ። ከመኪናዋ በስተቀኝ አስቀመጠችውና መስፋት ጀመረች። ቁልፏን ሸሚዟ ውስጥ ከታዋለች፤ ብትጎነበስ ኳ አይልም። ማንጎራጎር የለም፣ ሕልም የለም፣ እትዬ የለም። አለቃ መጥቶ ካውያዎቹን ወደ ሌላው ግድግዳ ሲያዛውራቸው እንኳ «ለምን?» አላለችም። ስንት ዓመት የተመኘሁት ጸጥታ ይኸው መጣልኝ። ታንቄ ልሞት ደረስኩ።

እስከ ምሳ ቻልኩ። ከዚያ መቀሴን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና ወደ እሷ ጠጋ አልኩ።

«መቀስሽን አውሺኝ።»

«የራስሽስ?»

«ጠፋ።»

ሰጠችኝ። አንድ ክር ቆረጥኩና መለስኩላት። ወዲያው ደግሞ «አውሺኝ» አልኳት። ሰጠችኝ። መለስኩ። «ትናንት በሕልሜ ምን አየሁ መሰለሽ?» አልኳት፤ ምንም አላየሁም፣ ዕቃ የጫነ አህያ ሶፋዬ ላይ ተኝቶ አየሁ ብዬ ፈጠርኩ። አልመለሰችልኝም። ያችን ስንኝ ማንጎራጎር ጀመርኩ፤ ድምፄ የዛገ በር ነው፣ መጨረሻዋን እኔም አላውቃትም፣ መለስኩ፣ ደግሜ መለስኩ። ቢጫዋና ሰማያዊዋ መኪናቸውን አቁመው ያዩኛል። ይዩኝ! ኮቱን እንደያዝኩ የእህቴ ትከሻ ላይ ጎንበስ አልኩ።

«ይኼ ስፌት ለምን እንዲህ ሆነ?»

መስፋቷን ቀጠለች።

«ለምን?» አልኳት። «ለምን? በይ ንገሪኝ እንጂ፣ ለምን? መቀስሽን አውሺኝ።»

መኪናዋ ቆመ። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ረጅም ትንፋሽ ሳበች።

«ፔስኪ» አለችኝ።

ተናዳ ይሁን ስቃ፣ ፊቷን ስላላየሁት እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ያ ቃልም ገባኝ ብዬ አልምልም። መቀሱን ግን ዞር ሳትል፣ ስለቱን በእጇ ይዛ፣ በእጀታው በኩል አቀበለችኝ።